ሐኪሙ በስልክ፣ ተርጓሚው ሳሎን ውስጥ፦ የርቀት የካንሰር ሕክምና በኮሮና ጊዜና ከዚያ ወዲህ

እስራኤል ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ የተረጋገጠው ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2020 ነው። ወር ያህል ቆይቶ አገሩ ሁሉ ሴጌር ገባ። ያን ጊዜ አብዛኞቻችሁ ተማሪዎች ስለነበራችሁ የምታስታውሱት የዙም ትምህርትና ባዶ መንገድ ይሆናል። በዚያው ሰሞን ግን ሌላም ነገር ወደ ቤታችን ገብቷል፤ የካንሰር ክትትል። ሐኪም ፊት ቁጭ ብለው ይነጋገሩ የነበሩ ሰዎች ቀጠሯቸው «ቶር ቴሌፎኒ» ሆነ። የደም ምርመራ ውጤት፣ የሲቲ መልስ፣ የመድኃኒት ለውጥ፣ አንዳንዴም ከባዱ ወሬ ራሱ በስልክ መጣ።

ይህን ርዕስ የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የሕዝብ ጤና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ስለሆንኩ የርቀት ሕክምና በየትምህርቱ ይነሳል። ሁለተኛ፣ ያደግኩት እዚሁ አሽከሎን ራማት ኤሽኮል ነው፤ የታመመ አያት ያለበት ቤት ስልኩን የሚያነሳው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። የልጅ ልጅ ነው።

የምለው ባጭሩ ይህ ነው፦ የርቀት ሕክምና በራሱ መጥፎ አይደለም፣ ብዙ ሰው ጠቅሟል። እኛ ቤት ሲደርስ ግን አንድ ሥራ ማንም ሳይወስንበት ከክሊኒክ ወደ ሳሎን ተሻገረ። እሱም የማስተርጎም ሥራ ነው። የወደቀውም በእናንተ ላይ ነው። ሥራው ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚከብድና የማን ኃላፊነት እንደሆነ ማወቅ ይገባችኋል።

በስልክ የሚሆነውና የማይሆነው

የርቀት ሕክምና የሚባለው ታካሚውና ሐኪሙ በአንድ ክፍል ሳይሆኑ በስልክ፣ በቪዲዮ ወይም በኩፓት ሆሊም አፕሊኬሽን የሚገናኙበት አሠራር ነው። ለካንሰር ታካሚዎች ለምን በፍጥነት እንዳስፈለገ ለመረዳት ስለ ኬሞ አንድ ነገር ማወቅ ያሻል። ኬሞ ካንሰሩን ብቻ አይደለም የሚመታው፤ መቅኔ የሚያመርታቸውን ነጭ የደም ሕዋሳትም ይቀንሳል። እነሱ ሲቀንሱ ሰውነት ከጀርም ጋር የሚታገልበት አቅም ይደክማል። ስለዚህ ኬሞ የሚወስድ ሰው በወረርሽኝ ጊዜ ሰው በሞላበት መጠበቂያ ክፍል መቀመጡ አደጋ ነበር።

በስልክ ደህና የሚሠሩ ነገሮች አሉ፦ የደም ውጤት መንገር፣ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት እንዴት እንደሆነ መጠየቅ፣ ማዘዣ ማደስ፣ ሕክምናውን ከጨረሰ ሰው ጋር ክትትል፣ የሥነ ልቦና ምክር። በስልክ ጨርሶ የማይሆኑም አሉ፦ በደም ሥር የሚሰጥ ኬሞ፣ ጨረር፣ ባዮፕሲ፣ ቀዶ ጥገና፣ ሐኪም በእጁ ዳብሶ የሚያገኘው እብጠት። ምልክት ሳይታይ ካንሰርን ቀድሞ የሚያገኘው ምርመራም በስልክ አይሠራም። እዚህ አገር ከ50 እስከ 74 ዓመት ላሉ ሴቶች በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው ማሞግራፊ ሰው ራሱ መሄድ አለበት።

ሁለት ትእዛዝ የተጋጨበት አንድ ጉዳይም ነበር፤ ትኩሳት። በኮሮና ጊዜ ለሁላችንም የተነገረን «ትኩሳት ካላችሁ ከቤት አትውጡ፣ ደውሉ» የሚል ነው። ኬሞ ላይ ላለ ሰው ግን 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት ድንገተኛ ነገር ነው። ነጭ የደም ሕዋሱ ያለቀበት ሰውነት ውስጥ የገባ ጀርም በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የኦንኮሎጂው መመሪያ «ወዲያው ሚዩን ሂዱ» ነው። ቴሌቪዥኑ አንድ ነገር ሲል፣ የሆስፒታሉ ወረቀት ደግሞ በዕብራይስጥ ሌላ ነገር ሲል፣ ሁለቱን አስታርቆ ለአያቱ የሚያስረዳው ወረቀቱን ማንበብ የሚችለው ልጅ ነበር።

ቶሮንቶ፣ አዲስ አበባ፣ አሽከሎን

በወረርሽኙ ጊዜ የሆነው በደንብ ከተጻፈባቸው ቦታዎች አንዱ ካናዳ ቶሮንቶ የሚገኘው ፕሪንሰስ ማርጋሬት የካንሰር ማዕከል ነው። በ12 የሥራ ቀናት ውስጥ ሥራውን ወደ ርቀት ሕክምና ቀየረው። በ2020 ከማርች መጨረሻ እስከ ሜይ መጨረሻ ድረስ 22,085 ቀጠሮዎች በርቀት ተካሄዱ። ከዚያ በፊት በርቀት ይሠራ የነበረው ቀጠሮ ከመቶ 0.8 ብቻ ነበር፤ ወደ 68.4 ከመቶ ደረሰ። መጠይቁን ከሞሉት ታካሚዎች 82 ከመቶ ረክተናል አሉ። ከሐኪሞችና ከሌሎች ባለሙያዎች ደግሞ 72 ከመቶ።

ቁጥሩ ጥሩ ነው። ታካሚዎቹ ከሠራተኞቹ ይበልጥ መርካታቸውን ልብ በሉ። ታካሚው መንገድና ወረፋ ቀርቶለታል፤ ሠራተኛው ግን ማየትና መንካት ቀርቶበታል። ሌላም መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። መጠይቅ የሚሞላ ሰው ብዙውን ጊዜ ቋንቋውን የሚያነብና ስልኩን የሚችል ሰው ነው። ከጎንደር ገጠር በጉልምስና ዕድሜ የመጡ እማማ በዚያ 82 ውስጥ ራሳቸውን ማግኘታቸው ያጠራጥራል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ እዚያ የተረጋገጠው ማርች 13 ቀን 2020 ነው። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለእንደዚያ ያለ ታካሚ አንዲት የስልክ ጥሪ ብዙ ቀን መንገድ ታተርፋለች።

የእኛ ርቀት ግን የኪሎ ሜትር አይደለም። ባርዚላይ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፤ የኩፓት ሆሊም ክሊኒክ ደግሞ በእግር ይደረሳል። ለወላጆቻችንና ለአያቶቻችን ሩቅ የሆነው ቋንቋው ነው። ስልክ ያንን ርቀት አያሳጥርም። እንዲያውም ያረዝመዋል፤ ፊት ለፊት ሲሆን የሐኪሙ ዓይን፣ እጅ፣ የሚሥለው ሥዕል፣ በኮሪደር የሚያልፍ አማርኛ ተናጋሪ ነርስ ያግዛል። በስልክ ላይ ያለው ቃል ብቻ ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው መልስ

ሐኪም ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማ ሽሎሜኽ?» ብሎ ነው። እናንተም «እንዴት ነሽ ይላል» ብላችሁ ትተረጉማላችሁ። አያታችሁ ምን ይላሉ? «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እሱስ እንዴት ነው? ልጆቹ ደህና ናቸው?» ይህ የሕመም መግለጫ ሳይሆን ሰላምታ ነው። በእኛ ወግ ሰላምታ እስኪያልቅ ድረስ ሕመም አይነገርም፤ ከሰላምታው በኋላም ቢሆን ሰው ማስቸገር ነውር ስለሆነ ሕመም ተቀንሶ ነው የሚወራው። ሐኪሙ ግን ኮምፒውተሩ ላይ «ታካሚዋ ደህና ነኝ ትላለች» ብሎ ጽፎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል።

ፊት ለፊት ቢሆን ቀሚሱ ሰፍቷቸው፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ ከወንበር ሲነሱ ግድግዳ ሲይዙ ያያቸው ነበር። በስልክ ይህ ሁሉ የለም። ለዚህ ነው የርቀት ሕክምና ለሚከብረውና ለሚያፍረው ታካሚ ከሌላው ይበልጥ የሚጎድለው።

የአካል ክፍል ስምም ያሳስታል። «ልቤን ያቃጥለኛል» ያለች ሴት የጨጓራ ነገር እየነገረችን ነው። ቃል በቃል «ሀሌቭ ሶሬፍ ላ» ብላችሁ ብትተረጉሙት ሐኪሙ ስለ ልብ ሕመም ማሰብ ይጀምራል። በስልክ ላይ «የት ነው? በእጅሽ አሳዪኝ» ማለት አይችልም።

ነቀርሳ የትኛው ነው?

አማርኛችን ለካንሰር ያለው ነባር ቃል «ነቀርሳ» ነው። ችግሩ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው ቲቢን ነው፤ በዕብራይስጥ ሻሔፌት የሚባለውን። እንግዲህ ሐኪሙ «ሳርታን ሬኦት» ሲል፣ የልጅ ልጁ ደግሞ ካንሰር የሚለውን ቃል መጥራት ከብዶት ወይም ንጹሕ አማርኛ ልናገር ብሎ «የሳንባ ነቀርሳ» ቢል፣ አያቱ የሚሰሙት ለወራት ኪኒን ወስደው ሊድኑበት የሚችል ሌላ በሽታ ነው። ከዚያ በላይ፣ ተላላፊ ነው ብለው ከልጅ ልጆቻቸው ሊርቁ ይችላሉ። ካንሰር አይተላለፍም። አንድ ቃል ሁለት ጉዳት አመጣ ማለት ነው። ስለዚህ «ካንሰር» ማለት ይሻላል፤ ዛሬ ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

ሌሎች የሚያደናቅፉ ቃላትም አሉ፦

«ሒዩቪ» በተለመደው ዕብራይስጥ ጥሩ ነገር ነው። የባዮፕሲ ውጤት «ሒዩቪ» ከሆነ ግን ካንሰር ተገኝቷል ማለት ነው። «ጥሩ ነው አለ» ተብሎ የተተረጎመ ውጤት ሕክምና ሊያዘገይ ይችላል።

«ግሩሮት» አማርኛ ውስጥ አንድ የተለመደ ቃል የለውም። «ካንሰሩ ከተነሳበት ቦታ ወጥቶ ጉበት ላይም ተገኝቷል» ብሎ መግለጽ ይሻላል። «ሁለት ካንሰር ያዛት» ማለት ስሕተት ነው፤ በሽታው አንድ ነው፣ የተስፋፋ።

«ኔሲጋ» በሽታው ወደ ኋላ ማለቱን እንጂ መዳንን አይናገርም። «ድናለች» ከተባለ ክትትሉን ለምን መቀጠል እንዳለባት አይገባትም።

«ቲፑል ታሜኽ» ወይም «ፓሊያቲቪ» ማለት ሕመምን የማስታገስ ሕክምና ነው። ከሌላ ሕክምና ጋር አብሮ ሊሰጥ ይችላል። «ተስፋ ቆረጡባት» ማለት አይደለም።

ይህን ስል ያላጠና ሰው ሁሉ ይሳሳታል ለማለት ብቻ አይደለም፣ ተቆጥሯል። በ2003 ግሌን ፍሎሬስና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ በስፓኒሽ የተተረጎሙ 13 የሕፃናት ሕክምና ቀጠሮዎችን ቀድተው 396 የትርጉም ስሕተቶች አገኙ፤ ለአንድ ቀጠሮ 31 ያህል። ከስሕተቶቹ 63 ከመቶ የሚሆኑት በሕክምናው ላይ ጉዳት ሊያመጡ የሚችሉ ነበሩ። የሆስፒታል ተርጓሚዎችም ተሳስተዋል፤ ጉዳት ሊያመጣ የሚችለው ስሕተት ግን ከእነሱ ይልቅ ሳይሠለጥኑ በሚተረጉሙት ዘንድ በዛ፤ 53 ከመቶ ለ77 ከመቶ። ሁለት ቋንቋ መቻል አንድ ነገር ነው፣ መተርጎም ሌላ ሙያ ነው።

መርዶ የሚነገረው እንዴት ነበር?

እዚህ የተወለድን ልጆች የምንረሳው ነገር አለ። በወላጆቻችን አገር ክፉ ወሬ የራሱ ሥርዓት አለው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ለብቻ ላለ ሰው አይነገርም፤ በምሽት አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰባስበው፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ በማለዳ ቤት ተኪዶ ነው የሚነገረው። ሰውየው ሲሰማ የሚይዘው እጅ አጠገቡ አለ።

የሕክምና ወሬም ይህንኑ መንገድ ይከተል ነበር። ተመራማሪዋ የዉብዳር በየነ በ1992 ስለ ኢትዮጵያውያን ስደተኛ ታካሚዎች በአሜሪካ በጻፈችው ጽሑፍ ይህን ለሐኪሞች አስረድታለች፦ ከባድ ውጤት መጀመሪያ ለቤተሰብ ይነገራል፣ ቤተሰቡም ጊዜውንና ሰውየውን መርጦ ለታማሚው ያደርሳል። የምዕራቡ ሕክምና ደግሞ በቀጥታ ለታካሚው መንገርን መብት ያደርገዋል። ከ2000 ጀምሮ በዓለም ላይ የተስፋፋው ስፓይክስ የተባለው ባለ ስድስት ደረጃ የሐኪሞች መመሪያም ቢሆን የሚጀምረው ቦታን በማዘጋጀት ነው፤ ጸጥ ያለ ክፍል፣ መቀመጫ፣ ታካሚው የሚፈልገው ሰው አብሮት መኖሩ።

ሁለቱን ሥርዓቶች ተመልከቱ። የሽማግሌዎቹም የሐኪሞቹም መንገድ «መጀመሪያ ቦታውንና ሰውን አዘጋጅ» ይላሉ። የስልክ ጥሪ ሁለቱንም አፈረሰ። ሐሱይ ቁጥር ይደውላል፣ የ17 ዓመት ልጅ ያነሳል፣ ስፒከር ላይ ያደርጋል፣ ሐኪሙ ውጤቱን ይናገራል። ልጁ ከአያቱ አንድ ደቂቃ ቀድሞ አውቋል። ፊቱ ላይ ያዩታል። አሁን ምን ይበል? ሁሉን ቢናገር መርዶ ነጋሪ ሆነ፤ ቢያሳጥረው ደግሞ የአንድ ሰው ሕክምና በእሱ ፍርሃት ተለክቶ ተቆረጠ። ይህን ምርጫ ለልጅ የሰጠው ማንም የለም። እንዲያው ስልኩ በእጁ ስለተገኘ ነው።

ከሠራተኞቹ ወገን

ሠራተኞቹም አልቀለላቸውም። በደቡብ የምትሠራ ከማኅበረሰባችን የሆነች አንዲት ነርስ አጫውታኛለች። ከኮሮና በፊት ሌላ ክፍል ሥራ ላይ እያለች ትጠራ ነበር፦ «አንድ ደቂቃ ነይና አማርኛ አስረጂልን»። ሥራዋ ተብሎ አልተመዘገበም፣ አልተከፈለበትም፤ ግን ትሄድ ነበር፣ ምክንያቱም ታካሚዋ እናቷን ትመስላለች። ቀጠሮው ወደ ስልክ ሲዞር ይህ ያልተጻፈ ድልድይ ተሰበረ። ሐኪሙ ከቢሮው ሲደውል በኮሪደር የሚጠራት ሰው አልነበረም።

ከእሷም ከሌሎችም የሰማሁት ሌላው ችግር የዝምታ ነው። ክፍል ውስጥ ታካሚ ዝም ሲል ሐኪም ያየዋል፤ ያለቅሳል? ያስባል? አልገባውም? በስልክ ዝምታ ዝምታ ብቻ ነው። በስፒከር ሲሆን ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለ አይታወቅም። ስለ ማሕፀን ካንሰር ወንድ ልጅ ፊት የምትጠየቅ እናት እውነቱን አትመልስም፤ ነርሷም ለምን እንዳልመለሰች ላታውቅ ትችላለች።

ተገልብጦም ነበር። በወረርሽኙ ወቅት ብዙ ሆስፒታሎች የአስታማሚ ቁጥር ገደቡ። ታካሚዋ ብቻዋን ውስጥ፣ ልጅዋ መኪና ማቆሚያው ላይ ስልክ ይዞ። ለእኛ ሰው አስታማሚና ጠያቂ ማጣት ከበሽታው ያላነሰ ስብራት ነው። በዚህ ጊዜ ነርሶች የራሳቸውን ስልክ አውጥተው በቪዲዮ ያገናኙ ነበር። ያው ቴክኖሎጂ ባንድ በኩል ያራቀውን በሌላ በኩል አቀረበ።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1996 የወጣው የታካሚ መብት ሕግ፣ ሐኪሙ መረጃውን ታካሚው በተቻለ መጠን ሊረዳው በሚችል መንገድ እንዲሰጥ ያዛል፤ ታካሚው በነፃ ፈቃዱ እንዲወስን። ያልገባውን ነገር የፈቀደ ሰው ፈቅዷል አይባልም። በሕጉ መሠረት መረጃው የታካሚው ነው፤ እናንተ መስመሩ ላይ የምትገቡት በእሱ ፈቃድ ነው። ቤተሰብ «አትንገሯት» ስላለ ብቻ ሐኪም መደበቅ አይችልም፤ መረጃው ከባድ ጉዳት ያደርሳል ከተባለ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማጽደቅ አለበት። ታካሚዋ ራሷ «ለልጄ ንገሩ፣ እኔ ዝርዝሩን አልፈልግም» ካለች ግን ይህ የእሷ ምርጫ ነው፤ ወጋችንና ሕጉ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

በ2011 ደግሞ የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር መመሪያ አወጣ፤ ከ2013 ጀምሮ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን በቋንቋና በባህል ተደራሽ ማድረግ አለባቸው። ስለዚህ ተርጓሚ መጠየቅ ውለታ መለመን አይደለም።

ይህ ከየትም አልመጣም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ሬፉአ ሽሌማ» በተባለው ፕሮግራም አማርኛ ተናጋሪ መጋሽሪም በክሊኒኮች ሠርተዋል። በ1998 የተመሠረተው ጤና ብሪኡት የተባለው ማኅበርም በማኅበረሰባችን ጤና ላይ ይሠራል፣ የስልክ ትርጉምንም ይጨምራል። ስሙ ራሱ ሁለት ቋንቋ ነው፦ በዕብራይስጥ «ቴኔ» ቅርጫት ነው፣ በአማርኛ ጤና። በስልክ ቀጠሮ ላይ የሠለጠነ ተርጓሚ ሦስተኛ ሆኖ መግባት ከክሊኒክ ይልቅ ይቀላል፤ መንገድ የለውም፣ አንድ መስመር መጨመር ብቻ ነው።

ስልኩ ከመደወሉ በፊት

እነዚህን ነገሮች ከቀጠሮው አስቀድማችሁ ብታደርጉ ብዙ ይቀላል፦

1. ቶር ሲያዝ «አማርኛ ሜቱርጌማን እንፈልጋለን» በሉ፤ መዝገቡ ላይም እንዲጻፍ ጠይቁ። ሐኪሙ ከደወለ በኋላ ሳይሆን ከዚያ በፊት።

2. ጥሪው ስለ ምን እንደሆነ ጠይቁ። የባዮፕሲ ወይም የሲቲ ውጤት ከሆነ ፊት ለፊት እንዲሆን መጠየቅ ትችላላችሁ። ካልሆነም ሰዓቱ አንድ ትልቅ ዘመድ የሚገኝበት ይሁን።

3. አያታችሁን ራሳቸውን ጠይቁ፦ «ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ መስማት ይፈልጋሉ? ወይስ መጀመሪያ ለማን ይነገር?» ደህና በሆኑበት ቀን፣ ቡና ላይ። መልሳቸውን ለሐኪሙ ንገሩ።

4. «እንዴት ነዎት» በቂ ጥያቄ አይደለም። ከጥሪው በፊት የሚቆጠር ነገር ጻፉ፦ ትኩሳት ስንት ዲግሪ፣ ስንት ጊዜ አስመለሳቸው፣ ከእንጀራው ምን ያህሉን በሉ፣ ክብደት፣ ሌሊት ተኙ ወይ። ሐኪሙ ማየት ያልቻለውን ይህ በከፊል ይተካለታል።

5. በመጨረሻ የገባቸውን በራሳቸው ቃል እንዲደግሙ አድርጉ። «ገባዎት?» ካላችሁ «አዎ» ይላሉ፤ እሱም ሰላምታ ነው።

6. ኬሞ ላይ ያለ ሰው 38 ዲግሪ ከደረሰ የስልክ ቀጠሮ አትጠብቁ። ሚዩን ሂዱ፣ እንደገባችሁም «ኬሞ ላይ ነች» በሉ።

ኮሮና ካለፈ በኋላም የስልክ ቀጠሮው አልቀረም። ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ከተማችን በሮኬት ስትደበደብ፣ ባርዚላይ ራሱም ሲመታ፣ ከቤት መውጣት የማይቻልባቸው ቀናት እንደገና መጡ። ወደፊትም ይመጣሉ። ስለዚህ ከሆስፒታሎችና ከኩፓት ሆሊም የምንጠይቀው ስልኩን እንዲተዉት አይደለም፤ በመስመሩ ላይ የሠለጠነ ሦስተኛ ሰው እንዲያስገቡ ነው። እናንተም በዚያ ሰዓት ከአያታችሁ አጠገብ ተቀመጡ። ተርጓሚው ይተርጉም፤ እናንተ እጃቸውን ያዙ።